የባልና የሚስት ብርጭቆ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየሦስት ወሩ የደም ግፊቴን ለማስለካት ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ያን ቀን በማለዳ ብነሳም ከእኔ የባሱ ማለዳ ተነሺዎች አግዳሚ ወንበሮቹን ሞልተዋቸው አገኘሁ። የተራ ቁጥሬን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። በሩ ገርበብ ካለው የምርመራ ክፍል የሚወጣው ድምፅ የማውቀው ሰው ድምፅ ነበር።

ጎረቤቴ ነው። እኩያሞች ስለሆንን አንተ እንባባላለን፤ ሰፈሩ ግን ጋሽ ፍሬን ይለዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ሰው አልገጨም። ምሥጢሩን ለሚጠይቀው ሁሉ፣ «እኔ ፍሬን የምይዘው አደጋ ሳይ አይደለም፤ አደጋ ለመምጣት ሲያስብ ነው» ይላል። ባለቤቱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ናት። ከሦስት ወር በፊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ከተፈታ ወዲህ እጇ መቀስ አልጨብጥ ስላላት ለማሳየት መምጣታቸው እንደሆነ ገመትኩ።

«ስሚኝ ልጄ፣» ይላል ጋሽ ፍሬን። «እኛ የመጣነው በእጅ ጉዳይ ነው። እጅና መጠጥ ምን አገናኛቸው?»

«ጥያቄው ለሁሉም ታካሚ የሚቀርብ ነው፣ አባባ» አለች አንዲት ወጣት ድምፅ በእርጋታ።

«ለሁሉም ከሆነ እኔን ጠይቂኝ። የስድሳ አራት ዓመት ሴት፣ የልጅ ልጅ ያየች፣ ስንት ብርጭቆ ትጠጫለሽ ተብላ አትጠየቅም። ነውር ነው።»

በሩ ተከፈተና ፊቱ ደም ለብሶ ብቅ አለ። እኔን ሲያይ የጠፋበትን ዕቃ ያገኘ መሰለ። «መምህር፣ እግዜር ነው የላከህ። ና ግባና ፍረደን» ብሎ ክንዴን ያዘ።

ነርሷ ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለችኝ፤ ግን ወዲያው ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «እማማ፣ ጉዳዩ የእርስዎ ነው። ጎረቤትዎ እንዲሰሙ ይፈቅዳሉ?»

ልብስ ሰፊዋ የታመመ እጇን በደህናው ደግፋ አጎንብሳ ተቀምጣ ነበር። «ይግባ። መምህር የቤት ሰው ነው» አለች።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሚዛን፣ የግፊት መለኪያ፣ የውሃ ጆግና ብርጭቆዎች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የክትባት መርሐ ግብር። ነርሷ ከሃያ ስምንት ዓመት አትበልጥም። የጋውኗ ኪስ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ፈሷል። በብዙ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ስቆጣቸው የሚያለቅሱ፣ ስቆጣቸው የሚሳደቡ፣ ስቆጣቸው ደግሞ ይበልጥ የሚረጋጉ ተማሪዎች ገጥመውኛል። እሷ ከሦስተኞቹ እንደሆነች ገና ሳያት ገባኝ።

«ይኸውልህ፣» አለ ጋሽ ፍሬን ሳይቀመጥ። «ይቺ ልጅ ሚስቴን ሰካራም ልትል ነው። ሰካራም ማለት መንገድ ላይ የሚወድቅ፣ ሚስቱን የሚደበድብ፣ ደመወዙን የሚበላ ነው። እኛ ቤት ማታ ራት በልተን ሁለት ሁለት ብርጭቆ ወይን ነው። ከዚያ ፍሬን። ሦስተኛ የለም።»

«ማንንም ሰካራም አላልኩም» አለች ነርሷ። «ቃሉን ያመጡት እርስዎ ነዎት፣ አባባ። እኔ የጠየቅሁት ሦስት ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በየስንት ጊዜው ይጠጡ ነበር? በጠጡበት ቀን ስንት መጠን ይጠጣሉ? ስድስትና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ የጠጡበት ቀን አለ? በቃ፣ ሌላ የለም። ሰካራም ነዎት ወይ የሚል በዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂያለሽ?»

«ወደፊት ምን ሊያጋጥማችሁ እንደሚችል ለመገመት። ግፊት የምለካውስ ለምንድን ነው? ሰውዬው ዛሬ ስለታመመ ብቻ አይደለም፤ ነገ እንዳይታመም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?»

ጋሽ ፍሬን ወደ እኔ ዞሮ በዐይኑ እርዳታ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። የእኛ ትውልድ መጠጥን የሚያየው በሁለት ዐይን ብቻ ነው፤ ወይ ሰካራም ወይ ጨዋ። በመካከል ያለው ሰፊ ሜዳ አይታየንም። ጨዋ ነኝ ያለ ሁሉ ደግሞ አደጋ ላይ አይደለሁም ብሎ ያምናል።

«እሺ፣ ጠይቂ። መጀመሪያ እኔን» አለ በመጨረሻ እየተቀመጠ። «በየቀኑ። ሁለት ብርጭቆ። ስድስት በጭራሽ።»

ነርሷ ጆግና ብርጭቆ አቀረበችለት። «እስቲ ቤትዎ እንደሚቀዱት አድርገው ውሃ ይቅዱልኝ።»

ጋሽ ፍሬን በረጋ የሹፌር እጅ ብርጭቆውን ከአፉ ጣት ሲቀረው አደረሰው። ነርሷ ውሃውን መስመር ወዳለበት መለኪያ ገለበጠችና አሳየችን። «እኛ አንድ መጠን ወይን የምንለው እዚህ ጋ ነው» ብላ ግማሹ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «የእርስዎ ሁለት ብርጭቆ አራት ነው።»

«ብርጭቆ ብርጭቆ ነው» አለ።

«ተሳፋሪ ተሳፋሪ ነው ብለው ሃምሳ ሰው በሚጭነው መቶ ጭነው ያውቃሉ?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም፤ መለኪያውን እንደገና አየው።

ነርሷ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። ልብስ ሰፊዋ ባሏን ሳታይ፣ «እኔም እንደሱ ነኝ። በየቀኑ፣ ሁለት» አለች። ነርሷ በወረቀቷ ላይ ጻፈች። በየቀኑ ለሚጠጣ አራት ነጥብ፣ ሦስት ወይም አራት መጠን ለሚጠጣ አንድ፣ በአንድ ጊዜ ስድስት ጠጥቶ ለማያውቅ ዜሮ። የባልም አምስት፣ የሚስትም አምስት ሆነ። ከፍተኛው አሥራ ሁለት ነው።

«እኩል ነን» አለ ጋሽ ፍሬን ትንሽ ደስ ብሎት። «እናንተ የተማራችሁት እኩልነት እኩልነት ስትሉ አልነበር?»

«መብት እኩል ነው፣ አባባ። ጉበት ግን ሕገ መንግሥት አያነብም» አለች። «ቁጥሩ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም። ለወንድ ከአራት ጀምሮ፣ ለሴት ከሦስት ጀምሮ ነው ቆም ብለን የምናየው። የሴት ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ከወንዱ ያንሳል። አንድ ማንኪያ ጨው በትልቅ ድስት ብትጨምሩና በትንሽ ድስት ብትጨምሩ የትኛው ጨው ይበዛበታል?»

«ትንሹ» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ።

«ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ ድስቱ ለሁለታችሁም ይጠባል። ጉበት እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ሚዛን መጠበቅ ይቸግራል፤ የሚዋጠው መድኃኒት ይበዛል። ይቺኑ አምስት ነጥብ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ቢያመጣልኝ ስለ መኪና ስለ ጠብ ስለ አደጋ ነው የማወራው። የእርስዎ ዕድሜ ላለ ወንድ ስለ ግፊትና ስለ ጨጓራ መድማት አወራለሁ። ለእማማ ደግሞ ስለ መውደቅና ስለ ስብራት። ሰዎች ብዙ ሺህ ታካሚዎችን ለዓመታት ተከታትለው ነው ይህን ያዩት። ነጥቡ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዕድሜና ጾታ ሲጨመርበት ነው አፍ የሚያወጣው።»

«አባቴ ዘጠና ዓመት ሲኖር በየቀኑ ይጠጣ ነበር» አለ ጋሽ ፍሬን። የመጨረሻው ምሽጉ ይህ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ቀይ መብራት ጥሶ ያለፈ ሹፌር አይተው አያውቁም?»

«አይቻለሁ። ስንቱን።»

«ምንም ያልሆነስ?»

«ብዙዎቹ ምንም አይሆኑም።»

«ታዲያ መብራቱ ውሸት ነው?»

ነርሷ መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች። «እኔ ነቢይ አይደለሁም፣ አባባ። በእርግጥ እንዲህ ትሆናላችሁ አልልም። አደጋው መቼ ለመምጣት እንደሚያስብ ነው የምጠይቀው» አለች። የራሱን አነጋገር ከማን እንደሰማችው አላውቅም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

በዚህ መካከል ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች።

«ሲስተር፣» አለች፣ «ኪኒንም እውጣለሁ።»

ባሏ ዞሮ አያት። «የግፊት ኪኒን ነዋ። አውቃለሁ እኮ።»

«የእንቅልፍም አለ። ከወይኑ በኋላ ነው የምውጠው። ዓመት ሊሞላኝ ነው።» እንደ ሰው ልብስ ልኬት ቁጥር በቁጥር ተናገረችው። «የወደቅሁ ቀንም ወስጄ ነበር። ሳሙና አዳለጠኝ ያልኩት ውሸት ነው። ወለሉ ደረቅ ነበር። ከመቀመጫው ስነሣ ቤቱ ዞረብኝ። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ግን አልተሰበርኩም፣ ስለዚህ አልተናገርኩም።»

ከውጭ ተራ ጠሪዋ ቁጥር ስትጠራ ይሰማል።

ጋሽ ፍሬን ዐይኑን የክፍሉ ወለል ላይ ተከለ። ለምን እንደሆነ ነርሷ አላወቀችም፤ እኔ ግን አውቄያለሁ። ሚስቱ በወደቀች በሳምንቱ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ በሙሉ በመዶሻ አፍርሶ በሻካራ ሴራሚክ ለውጦታል። ጎንበስ ብሎ አሥራ አንድ ቀን ሠርቷል። እኔ ራሴ ሲሚንቶ አቀብዬዋለሁ። «ዳግመኛ አትወድቅም» እያለ እያንዳንዱን ሴራሚክ በጉልበቱ ይጫነው ነበር።

«ወለሉን ቀየርኩት» አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ወለሉን ነው የቀየርኩት።»

«አውቃለሁ» አለች ሚስቱ። «ጎንበስ ብለህ ስትሠራ እያየሁህ መናገር አቃተኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሐኪሙ ጀሶ ሲያስርልኝ እንዴት ወደቅሽ አለኝ እንጂ ምን ጠጣሽ አላለኝም። አንተም ነውር ነው ትላለህ። ነውር የሆነ ነገር በምን አፌ እናገራለሁ?»

እዚህ ላይ ነርሷ ጣልቃ ገብታ ልትመክር ትችል ነበር። አላደረገችውም። ውሃ ቀድታ ለሁለቱም ሰጠቻቸውና ጠበቀች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ያን ቀን ግን ያለ ብቅል ሲወጣ አየሁ። ያወጣው ደግሞ ሦስት መስመር የማይሞላ ጥያቄ ነበር።

ጋሽ ፍሬን ፊቱን በመዳፉ አሸት አደረገና፣ «በይ ልጄ፣ አሁን እኔም እሰማሻለሁ። ምን እናድርግ?» አለ።

«መጀመሪያ አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፣ ለእርስዎ» አለች። «ቅድም ሲገቡ ወገቤን ያመኛል ብለው ነበር። ለሕመሙ ምን ይወስዳሉ?»

«ከፋርማሲ የምገዛው ማስታገሻ አለ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ።»

«ከወይኑ ጋር?»

«ከወይኑ ጋር።»

«ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል?»

ያ አንደበተ ርቱዕ ሰውዬ በአንድ ጊዜ ዐይነ አፋር ሆነ። ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያውን አየ። «ካለፈው ወር ጀምሮ። ምግቡ ነው ብዬ» አለ።

ነርሷ ወዲያው የላቦራቶሪ ወረቀት ጻፈችለት፤ ማስታገሻውንም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንዲያቆም ነገረችው። በዚያው ቀን ደሙ ማነሱ ታወቀ፤ ወደ ሆስፒታልም ተላከ። ጨጓራው ቆስሎ ትንሽ ትንሽ ሲደማ ኖሯል። ሐኪሙ፣ «ጥቂት ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ በአምቡላንስ ነበር የሚመጡት» እንዳለው ራሱ ነገረኝ።

ለሚስትየዋ ነርሷ ያለቻት ነገር እኔን አስገርሞኛል። በአንድ ቀን ሁሉንም አቁሚ አላለቻትም። «ሰውነት ዓመት ሙሉ የለመደውን በአንድ ጊዜ ሲነጠቅ ይቆጣል። በተለይ ብዙ የሚጠጣ ሰው ሐኪም ሳያይ በድንገት ቢያቆም ለሕይወቱ ያሰጋል። እኛ በልክ፣ በቀጠሮ ነው የምንቀንሰው» ብላ በየሳምንቱ የሚቀነሰውን በወረቀት ጻፈችላት፤ የእንቅልፍ ኪኒኑን ስለ መቀነስም ካዘዘው ሐኪም ጋር ቀጠሮ አመቻቸችላት። ወይንና የእንቅልፍ ኪኒን አንድ ማታ እንዳይገናኙ ግን ከዚያው ቀን ጀምሮ ቃል አስገባቻት።

እነሱ ሲወጡ ተራዬ ደረሰ። ነርሷ ግፊቴን ለክታ ካርዴን ገለጠችና፣ «መምህር፣ እዚህ ላይ አልኮል አይጠቀሙም ይላል» አለች።

ባለፈው ዓመት የሞላሁት ነው። የሰው ጉዳይ ላይ ዳኛ ሆኜ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ፣ የራሴ መዝገብ ሐሰት ነበር። እኔም ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጋዜጣ እያነበብኩ የምጠጣት አለችኝ። ሰው አይቶኝ አያውቅም፤ ስለዚህ እንደሌለች ቆጥሬያት ነበር። ሠላሳ ዓመት ተማሪ ሲኮርጅ ቀጥቻለሁ፤ ያን ጠዋት እንደ ኮረጀ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ፣ «ሲስተር፣ ካርዱ ተሳስቷል፤ እንደገና ጠይቂኝ» አልኳት። እሷም ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይባት፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረች። የእኔም ከአራት በላይ መጣ። ግፊቴ በመድኃኒት አልወርድ ያለበት ምክንያት ያን ቀን ነው የተገለጠልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተርቼላቸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጎረቤቶቼ ቀላል አልነበሩም። ልብስ ሰፊዋ እንቅልፍ አጥታ ትነጫነጭ ነበር፤ እሱም ከራት በኋላ እጁን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። መጠጡ ለካ ጥማት ብቻ አልነበረም። ልጆች ከቤት ከወጡና እሱ መሪ ከለቀቀ በኋላ በሁለቱ መካከል የተቀመጠውን ጸጥታ መሙያ ነበር። አሁን ከራት በፊት አብረው በእግራቸው ይወጣሉ። እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ደርሰው ይመለሳሉ። እዚያ ቆሞ የወጣቶቹን ሹፌሮች አውቶቡስ አቋቋም እየተቸ ስለሚዘገይ፣ ሚስቱ እጁን ጎትታ እንደምታመጣው አይቻለሁ። በተሰበረው እጇ ነው የምትጎትተው።

ስድስት ወር ሲሞላ እንዲህ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ አንድም ጊዜ አልወደቀችም፤ የእንቅልፍ ኪኒኑን ጨርሳ ትታለች፤ ግፊቷ ወርዶ መድኃኒቷ በግማሽ ተቀነሰ። ወይን ከነጭራሹ ተወች። ጋሽ ፍሬን ጨጓራው ድኖ ደሙ ተመለሰ፤ ለወገቡም በማስታገሻ ፈንታ የሚያሠሩት እንቅስቃሴ አለ። እኔ ደግሞ ጋዜጣዬን በሻይ ማንበብ ለመድኩ፤ ወሬው እንደሆነ በሁለቱም ያው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የደነቀኝ ጋሽ ፍሬን ነርሷን ጡረተኛ ሹፌሮች ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ ማምጣቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሃያ ሦስት ወንዶች መጥተው ነበር፤ ሰባቱ ከነሚስቶቻቸው። አንድ ትከሻ ሰፊ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥቶ፣ «ይህ የግል ጉዳይ ነው» አለ።

«የግል ነው፤ ለዚህ ነው ከመጋረጃው ወዲያ አንድ በአንድ የምትጠይቀው» አለው ጋሽ ፍሬን። «እኔ ግን በሁላችሁ ፊት እናገራለሁ። አምስት ነጥብ ነበርኩ። ሚስቴም አምስት። ያው ቁጥር እኔን ጨጓራዬን አደማኝ፣ እሷን እጇን ሰበራት። እኔ ሰካራም አይደለሁም ስል ወለል አፈርስ ነበር። ልጅቷ ስትጠይቃችሁ አትቆጡ። የምትጠጡትን ብርጭቆ ግን ትክክለኛውን ንገሯት፤ ብርጭቆ ብርጭቆ አይደለም።»

ሽማግሌው ጥቂት ቆሞ አሰበና ከሰልፉ ኋላ ገባ። ከመጋረጃው ወዲያ ከሁሉም ረጅም ጊዜ የቆየው እሱ ነበር። ሲወጣ ቀጠሮ የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ይዞ ነበር፤ ከነርሷ ጋር ምን እንደተባባሉ ማንም አልጠየቀውም። በሁለተኛው ሳምንት ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ በክትትል ከመጠጥ እንደተላቀቀ ሰማን።

በአዳራሹ በር ላይ ልብስ ሰፊዋ ከእኔ ጋር ቆማ ሰልፉን ታይ ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ እየተገፋፉ ነው። «መምህር፣» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ቀን ጋሼ ሲቆጣ እኔ ምን እያልኩ እንደነበር ታውቃለህ? በልቤ፣ እባክህ አታስቁማት፣ ትጠይቀኝ፣ እያልኩ ነበር።»

ይህን ብላ ወደ ሴቶቹ ሄደች። ከፊት የነበረችውን አንዷን በክንዷ ያዘቻትና፣ «ነይ፣ አብሬሽ እገባለሁ፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው» ስትላት ሰማሁ።